የእመት አዋልዲጌሳ ነጻ ጠበቃ

ዳር ድንበሩ የአንበሳ ግሣት እስከሚሰማበት ድረስ በሆነ አንድ ዱር ውስጥ ሁሉም ነገር በሥርዓት ይሄድ ነበር። መጀመሪያ አንበሳው ይበላል፤ ቀጥሎ ጅብ የተረፈውን ይበላል፤ የቀሩት እንስሳት ደግሞ ሁለቱ በመጥገባቸው ያመሰግናሉ። ችሎቱም ምስጋናውም የሚካሄደው በዱሩ መካከል በቆመ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። ንጉሡ በጥላው መሀል ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ሹማምንቱ ግንዱን ተደግፈው ያንጎላጃሉ፤ ባለጉዳይ ግን ጥላው ከሚያልቅበት ላይ፣ ግማሽ ገላው ፀሐይ ላይ ሆኖ ይቆማል። ጥላው ለሁሉም ይበቃ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን አይፈቅድም።

በዚያ አገር ምስጥ የማይበላው ግንድ የለም። ዋርካው ሳይበላ ለምን እንደ ቆመ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሹማምንቱ «ከንጉሡ ግርማ የተነሣ ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በየማለዳው፣ ችሎት ከመሰየሙ በፊት፣ አንዲት አሮጊት መጥታ የዛፉን ሥር እየጫረች ምስጡን በረጅም ምላሷ ትጠርገው ነበር። ጆሮዋ የአህያ፣ አፍንጫዋ የአሳማ፣ ጥፍሯ ዶማ የሆነችው ቆፋሪ፣ እመት አዋልዲጌሳ ነበረች። ለዚህ ሥራዋ ሹመት አልተሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ለእሷ ቁርሷ ነው።

እመት አዋልዲጌሳ ከማንም ያልወረሰችው አንድ ጉድጓድ ነበራት። ድንጋይ የመሰለውን ቀይ አፈር በገዛ ጥፍሯ ፈልፍላ፣ አፉን ከጎርፍ መውረጃ አዙራ፣ ከኋላው ለልጅ ልጇ ጓዳ አውጥታላታለች። የልጅቷን እናት ነብር ከበላት ወዲህ አያትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። አሮጊቷ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ የልጅቷ ቆዳ ገና ስስ ስለሆነ ክረምት ሜዳ ላይ ካገኛት አትተርፍም።

አንድ ቀን ከቁርሷ ስትመለስ ልጅቷን ደጅ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። ከጉድጓዱ አፍ የጅብ ራስ ብቅ ብሏል።

«አያ ጅቦ፣ ቤት የተሳሳትክ መሰለኝ» አለች፤ ቁጣዋን ውጣ።

«እኔ ቤት አልሳሳትም። ስመጣ ባዶ ነበር።»

«ልጅቷ ነበረችበት እኮ!»

«አይቻታለሁ። አለመብላቴን ውለታ ቁጠሪልኝ» አለና አዛጋ። ከዚያም ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ።

አሮጊቷ ልጅቷን አዝላ በቀጥታ ወደ ችሎት ሄደች። በዚያ አገር ግን በንጉሡ ፊት ማንም በገዛ አፉ አይናገርም። የሚናገሩት ነገረ ፈጆች ናቸው፤ ነገረ ፈጆቹ ሁሉ ቀበሮዎች ናቸው፤ ቀበሮ ደግሞ የፍየል ሙዳ ሳይቀምስ አፉ አይከፈትም። እመት አዋልዲጌሳ ያላት ምስጥ ነው። ምስጥ የሚቀበል ነገረ ፈጅ አልተገኘም።

እንዲህ ላለው ችግርም ቢሆን መንግሥቱ መላ አበጅቶ ነበር። ባለፈው በጋ ድሆች ማጉረምረም ሲያበዙ ንጉሡ ራርቶ «አቅም ላነሰው ሁሉ ነጻ ጠበቃ ይቁምለት» ብሎ አሳወጀ። እልልታው ለአዋጁ ከተደከመው ድካም ይበልጥ ነበር። ነጻ ጠበቃ ሆኖ የተሾመው አንድ ቀበሮ ነው። ነጻ ጠበቃ ለማን እንደሚገባ እንዲመረምሩ የተሾሙት ግን ሰባት ዝንጀሮዎች ናቸው።

ጎረቤቷ እትዬ ኤሊ የአካሄዱን ነገር አስረዳቻት። «ድሃ መሆን ብቻ አይበቃም፣ እመት። ድሃ መሆንሽን የሚመሰክሩ ሦስት ጎረቤቶች ትፈልጊያለሽ።»

«አንቺ አለሽልኝ አይደል?»

«እኔማ ድሃ ነኝ። የድሃ ቃል አይታመንም፤ ይዋሻል ይላሉ። ምስክሮቹ ጠግበው የሚያድሩ መሆን አለባቸው።»

«በሰፈራችን ጠግቦ የሚያድር ጅብ ብቻ ነው» አለች እመት አዋልዲጌሳ።

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይዋ ሰበሰበች። 

አሮጊቷ መርማሪዎቹ ፊት ስትቀርብ ዝንጀሮዎቹ አንዱ የሌላውን ቁንጫ እየለቀሙ ነበር። ሰብሳቢው ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ቤት አለሽ?»

«አለኝ ጌታዬ፤ የምከሰውም ስለ እሱ ነው።»

«ቤት ያለው ድሃ አይባልም። ቀጣይ!»

«ጌታዬ፣ ጅብ ተኝቶበታል እኮ!»

«እንግዲያው ቤት የለሽም።»

«ያው ለጊዜው በእጄ የለም እንጂ…»

«አለሽ ወይስ የለሽም? እዚህና እዚያ የሚረግጥ ድሃ እኛ ዘንድ አይስተናገድም።»

እመት አዋልዲጌሳ ሞኝ አልነበረችም። ይህች ቃል ኋላ ምን እንደምታስከፍላት ገብቷታል። ነገር ግን ከተራራው ጫፍ ደመና ሲንከባለል አየች፤ በጀርባዋ ላይ ያለችውም ልጅ ታስላለች።

«የለኝም» አለች።

«ምስክር!»

ይኼኔ ማንም ሳይጠራው አያ ጅቦ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ። «እኛ እንመሰክርላታለን። ምስኪን ናት። ቤት የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። እኔ በተለይ ሌሊት ሌሊት እዚያው ስለማድር በደንብ አውቃለሁ።»

ሰብሳቢው በነገሩ ልቡ ተነካ። «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «ምን ትበያለሽ?»

«ምስጥ።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«ከዋርካው ሥር ለቅሜ።»

ሰባቱም ዝንጀሮዎች ቁንጫ መልቀማቸውን አቆሙ።

«ከንጉሡ ዋርካ?» አለ ሰብሳቢው። «ከንጉሥ ግቢ ዕለት ዕለት ቀለብ የሚቆረጥለትማ ድሃ አይደለም፤ ባለሟል ነው።»

«ጌቶቼ፣ ቀለብ አይደለም። እኔ ባልበላው ምስጡ እኮ ግንዱን…»

«ጠያቂዎቹ እኛ ነን። ነጻ ጠበቃ ከፈለግሽ ከዛሬ ጀምሮ ከዋርካው ሥር ላትበዪ ማይ።»

በዚያ አገር የሚማለው በንጉሡ ሕይወት ነው፤ መሐላውን የሚያፈርስ በንጉሡ ላይ ሞት ጠራ ተብሎ ይገደላል። እመት አዋልዲጌሳ ወደ ዋርካው አየች፤ ወደ ልጅቷ አየች። ከዚያ ጥፍሯን አንሥታ «የዋርካውን ምስጥ ብበላ አንበሳ ይሙት!» አለች።

«በቃ፣ ድሃ ነሽ» አለ ሰብሳቢው። «እንኳን ደስ ያለሽ።»

ነጻ ጠበቃ ከተፈቀደላት በኋላ ቀጠሮ ተሰጣት፤ ቀጠሮው ከክረምቱ ማዶ ነበር። ክረምቱን በሙሉ አያትና ልጅ ከእትዬ ኤሊ ጋር አንድ የሚያፈስ ቋጥኝ ሥር ተጠግተው አሳለፉት። ልጅቷ አልሞተችም፤ ሳሉ ግን እደረቷ ላይ ቤት ሠራ። አሮጊቷ ምስጥ ፍለጋ ሩቅ ድረስ ትኳትን ነበር እንጂ ከዋርካው ሥር አንዲት አልቀመሰችም። መሐላዋን ጠበቀች።

የቀጠሮው ዕለት ቀበሮው ከችሎቱ ቀደም ብሎ መጣና ጠጋ አላት። «እመት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለአያ ጅቦም የቆምኩት እኔው ነኝ።»

«እሱ ደግሞ በምን ድህነቱ?»

«መርማሪዎቹ ያደረበትን ጓዳ ፈትሸው አንዲት አጥንት እንኳ አላገኙም። ሁሉንም በልቶት ነበር።»

«ለከሳሽም ለተከሳሽም አንተው ትቆማለህ?»

«ነጻ ነው እኮ እመት! ነጻ ነገር ይመረጣል እንዴ?»

ችሎቱ ተሰየመ። ቀበሮው በንጉሡ ቀኝ ቆሞ ስለ ጅብ ችግር ረዥም ንግግር አደረገ። አንዳንድ ሹማምንት እንባቸውን ጠረጉ። በመጨረሻም «ይቺ ከሳሽ ቤት እንደሌላት በመርማሪዎች ፊት አረጋግጣለች፤ ሦስት ጨዋ ምስክሮችም ቃሏን አጽንተውላታል። የሌላትን ቤት ማን ይወስድባታል?» አለ። ከዚያ ወደ ንጉሡ ግራ ተሻገረ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ እመት አዋልዲጌሳ ሆኖ ተናገረ። «ቀደም ብሎ የተናገረው ነገረ ፈጅ ያለውን የምቃወምበት ምክንያት አላገኘሁም።»

ንጉሡ ለፍርድ ብዙም አልደከመም። «ጉድጓዱ ለጅብ ይጽና» አለ። «አንቺም አሮጊት፣ ያለ ነጻ ጠበቃ እንዳልተፈረደብሽ አትርሺ። በአባቴ ዘመን ይህ አልነበረም።»

እንስሳቱ እንደ ልማዳቸው አመሰገኑ። ምስጋናው ሲያበቃ ለአፍታ ጸጥታ ሆነ። በዚያች ጸጥታ የእመት አዋልዲጌሳ ረጅም ጆሮዎች ቀጥ አሉ።

ከግንዱ ውስጥ ድምፅ ይሰማ ነበር። እንደ ደረቅ ቅጠል መንኮሻኮሽ ያለ፣ ማቋረጥ የሌለበት፣ ከሥር ጀምሮ እስከ ቅርንጫፉ መጋጠሚያ የሚወጣ ድምፅ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ነው። እንዲህ ሲጮህ ግን ሰምታው አታውቅም። ክረምቱን ሙሉ ምስጡን የነካው አልነበረም።

አሮጊቷ ጉድጓዷንም ቂሟንም ለጊዜው ረሳቻቸው። አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ገባች። «ጌታዬ፣ ስለ ዋርካው አንዲት ነገር ላሳስብ…»

«ዝም ይበሉ!» አለ ቀበሮው ደንግጦ። «ጠበቃ የቆመለት በገዛ አፉ አይናገርም።»

«እንግዲያው አንተ ተናገርልኝ። ግንዱ ውስጡ…»

«እኔ የቆምኩት ስለ ጉድጓዱ ነው። ስለ ዛፍ ከሆነ እንደ ገና ለመርማሪዎች ያመልክቱ።»

«ጸጥታ!» አለ ንጉሡ። ሹማምንቱም ደግፈውት ጮኹ፤ ሲጮኹም ግንዱን ይበልጥ ተደገፉ።

እመት አዋልዲጌሳ ልጅቷን አዘለችና ከጥላው ወጥታ ፀሐይ ወዳፈጀው ሜዳ ቀጥ ብላ ሄደች። ከጥላው ጠርዝ ስታልፍ እትዬ ኤሊ አንገቷን አውጥታ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«በዚህ ሐሩር ወዴት ነው?»

«ግሣቱ ወደማይሰማበት። አፈሩ ካልከፋ ከመምሸቱ በፊት ለሦስታችን የሚበቃ እቆፍራለሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ብበላ ይሙት ብዬ ነበር የማልኩት» አለች አሮጊቷ። «አልበላሁም።»

ኤሊ ጥቂት አሰበች። ከዚያ መሄድ ጀመረች። ኤሊ ቀርፋፋ ስለሆነች፣ ነገር የገባት እንደሆነ ማንንም ሳትጠብቅ ትነሣለች። ኤሊ ስትጣደፍ ያየች ሚዳቋም ተነሣች። ጥንቸል ሚዳቋን ተከተለች። ቀጥሎ ጃርት፣ ቀጥሎ ከርከሮ ከነግልገሎቹ፤ ማንም ለማንም አልተናገረም። ሁሉም ግማሽ ገላቸውን ሲያቃጥል የኖረውን ፀሐይ ሙሉውን ለመቀበል ወጡ።

ንጉሡ ባዶ የቀረውን የጥላውን ጠርዝ አየና ደስ አለው። «አያችሁ? ነጻ ጠበቃ ከቆመ ወዲህ ባለጉዳይ ጠፋ» አለ።

ሹማምንቱ ግንዱን እንደ ተደገፉ አጨበጨቡ። ነፋስ አልነበረም። ከላይ ግን ቅጠል ይረግፍ ጀመር።