ውሉ አልወጣም፣ ይርዳውም መሪ አልጨበጠም

እኔ ልንገር፣ እናንተ ስሙ። የረሳሁትን አስታውሱኝ፣ የደጋገምሁትን ታገሱኝ።

ይርዳው የሚባል የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ልጅነቱን በጎማና በሸራ መካከል ነው የጨረሰው። ከአዳማ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዳማ ሲመላለስ፣ ሲሞቅ ከመኪናው ሥር፣ ሲበርድ ከጭነቱ ላይ ይተኛ ነበር። ሹፌሩ ሲቆጣ ዝም ይላል፤ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ ያወራል። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁት «አለፈ» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መሪ መጨበጥ።

ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ባለመኪና ጠሩት። ሹፌራቸው ታሞ መኪናቸው ቆሟል።

«ስትነዳ አይቼሃለሁ፤ ወድጄልሃለሁ» አሉት። «ኢንሹራንሱ ግን የእኔን ዓይን አያምንም። ከቀድሞ መሥሪያ ቤትህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ። አርብ ከጁምዓ በኋላ መኪናው ይነሳል። ካልመጣህ ሌላ ሹፌር ይዞት ይሄዳል።»

«ደብዳቤ ብቻ?»

«ደብዳቤ ብቻ።»

ለይርዳው ቀላል መሰለው። ሐሙስ ጠዋት ሸሚዙን አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ ለብሶ፣ በረዳትነት ወደሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ሄደ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አጸደ ከበር ሲያዩት ሳቁ።

«አንተ! ከሳህ እኮ።»

«እትዬ አጸደ፣ የሥራ ልምድ ይጻፉልኝ።»

«ምን ገዶኝ። የቅጥር ውልህን ልየውና።»

«ያስፈረሙኝ እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ነኝ። ያን ቀን ጫማህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አልረሳሁትም። ግን የእኔ ማስታወስ ፋይል አይሆንም።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት ድሮ ቀረ። ሁሉም ስካን ተደረገና ዋናው ለቆሎ ሻጮች ተሰጠ። ዘምነናል። ውልህን መዝገብ ቤት ያሳዩኝ።»

እንግዲህ ያዙ። ውሉ ካልታየ ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ይርዳውም መሪ አይጨብጥም።

ይርዳው ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። እዚያ ያሉት ጋሽ ቸርነት ናቸው። በፊት በአቧራ መካከል ይሠሩ ነበር፤ አሁን አቧራው ቀርቶ ሳሉ ብቻ ቀርቷል። የይርዳውን ስም ጻፉ፣ ተጫኑ፣ ጠበቁ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞሩለት።

«ምን ይላል?»

ይርዳው አነበበ። «ቀይ ሽንኩርት። ለሠራተኞች ክበብ።»

«ስምህን ስጽፍ ቁጥርህ ይመጣል። ቁጥርህን ስነካ ሽንኩርት ይመጣል።»

«እና እኔ ሽንኩርት ነኝ?»

«በሲስተሙ መሠረት አዎ። ያውም ደረሰኝ ያለህ።»

«ጋሽ ቸርነት፣ ያውቁኝ የለም እንዴ?»

«አሳምሬ ነው የማውቅህ። ግን ወይዘሮ አጸደ የጠየቁኝ ውል ነው፤ ሽንኩርት ብልክላቸው ምን ይሉኛል? ሂድ ኢንጂነር ኖላዊን ጠይቅ፤ ዳታቤዙ የእሱ ነው።»

ጋሽ ቸርነት ውሉን አያወጡም፣ ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ይርዳውም መሪ አይጨብጥም።

ኢንጂነር ኖላዊ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ከበሩ ትይዩ ኢንጂነር በፈቃዱ አለ። ሁለቱ አይነጋገሩም። ምሳ እንኳ ሲበሉ ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ኖላዊ። «ዳታቤዙ ውልህን አይይዘውም። የውልህ ምስል ያለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዳታቤዙ የሚይዘው የፎልደሩን አድራሻ ብቻ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ምስሉ ራሱ ዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ይግባ ብዬ ነበር። አብሮ ይኖራል፣ አብሮ ይጠበቃል፣ አይለያይም። ያ ሰውዬ ግን» ወደ ኋላው በአውራ ጣቱ አመለከተ፣ «ዳታቤዙ ያብጣል፣ ይንቀራፈፋል፣ ምስል ቦታው ፎልደር ነው አለ። ኮሚቴው ሁለታችንንም ለማስደሰት ምስሉን ለእሱ፣ አድራሻውን ለእኔ ሰጠ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ጥሩ ነበር፤ ብንነጋገር።» ኖላዊ ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የአንተ አድራሻ 2009 ፎልደር፣ ገጽ አርባ ነው። ትክክል ነው። እዚያ ተሄዶ ሽንኩርት ከተገኘ ያጠፋው ባለፎልደሩ ነው። ትክክል የሆነ አድራሻ ደግሞ አልነካም።»

ኖላዊ አድራሻ አይነካም፣ ጋሽ ቸርነት ውሉን አያወጡም፣ ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ይርዳውም መሪ አይጨብጥም።

ይርዳው ዞረ፤ ኮሪደሩን ተሻገረ። በፈቃዱ ሁሉንም ሰምቷል፤ ያልሰማ ሰው ግን ይመስላል።

«ኢንጂነር፣ የ2009 ፎልደር ምን ሆነ?»

«2017 ሆነ።»

«እንዴት?»

«የውጭ ኦዲተሮች መጡ። ፎልደሮቹን አይተው፣ ይህ ድርጅት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ አፈሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገው አሉኝ፤ አደረግሁት። 2009 የነበረው 2017 ተባለ፤ 2001 የነበረው ደግሞ 2009 ተባለ።»

ይርዳው ቀስ ብሎ አሰበው። እሱ ሲፈለግ የሚመጣው ያ ሽንኩርት እሱ ከመቀጠሩ ከስምንት ዓመት በፊት የተበላ ነው።

«ለኢንጂነር ኖላዊ ነግረውታል?»

«ሰላም የማንባባል ሰዎች ስለ ፎልደር ምን እንባባላለን?»

«እሺ፣ አሁን ስሙን ይመልሱለት።»

«ሲቀየር በቃል ነበር» አለ በፈቃዱ። «ሲመለስ ግን በቃለ ጉባኤ ነው። ኮሚቴው ይፍቀድ።»

«ኮሚቴው እነማን ናቸው?»

«እኔ፣ እሱ፣ ጋሽ ቸርነት፣ እትዬ አጸደና ሥራ አስኪያጁ።»

«ሁላችሁም እዚሁ ኮሪደር ላይ አይደላችሁም?»

«ኮሪደር ኮሚቴ አይደለም።»

ስለዚህ ኮሚቴው አይፈቅድም፣ በፈቃዱ የፎልደር ስም አይመልስም፣ ኖላዊ አድራሻ አይነካም፣ ጋሽ ቸርነት ውሉን አያወጡም፣ ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ይርዳውም መሪ አይጨብጥም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ግዛው ገባ። አቶ ግዛው ስልካቸው ላይ ናቸው፤ ቀና ብለውም አላዩት።

«ኮሚቴ ዝም ብሎ አይጠራም» አሉ። «ከሰው ኃይል የጽሑፍ ጥያቄ ይምጣልኝ።»

ይርዳው ወደ ወይዘሮ አጸደ ተመለሰ። እሳቸው ምሳቸውን እየከፈቱ ነበር። ጎርሰው፣ አጉርሰውት፣ አዘኑለት።

«ጥያቄውን ስለ ማን ብዬ ልጻፍ፣ ልጄ? ፋይል ስለሌለው ሰው? ውልህን አምጣልኝና አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

ይርዳው ጉርሻውን ዋጠ። ያጎረሰችው እጅ ልትጽፍለት አልቻለችም። ይኸው ከወይዘሮ አጸደ ተነስቶ ወይዘሮ አጸደ ዘንድ ደረሰ። አቶ ግዛው ኮሚቴ አይጠሩም፣ ኮሚቴው አይፈቅድም፣ በፈቃዱ የፎልደር ስም አይመልስም፣ ኖላዊ አድራሻ አይነካም፣ ጋሽ ቸርነት ውሉን አያወጡም፣ ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ይርዳውም መሪ አይጨብጥም።

አርብ ጠዋት ይርዳው ከአቶ ግዛው ቢሮ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መቀመጥ ያውቅበታል። ኬላ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ነው። ማንም አላባረረው፤ ማንም አላስገባው።

ረፋዱ ላይ እንግዶች መጡ። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ናቸው፤ ጭነታቸውን የሚያመላልስ ድርጅት ይፈልጋሉ። አቶ ግዛው በሩን ክፍት ትተው በኩራት አስቀመጧቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል።

«እኛ ዘንድ ወረቀት ቀርቷል» አሉ። «ንግድ ፈቃዳችንን ማየት ፈልጋችኋል? አንድ ጣት ይበቃል።»

በአንድ ጣታቸው ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ገጽ ወጣ። ከእንግዶቹ አንዷ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ለግዢ ክፍል። የወንዶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ ስለማይቆለፍ፣ ሠራተኞች ሰው እንዳይገባባቸው እየዘፈኑ ለመቀመጥ ተገደዋል። ድምፅ የሌላቸውም ተቸግረዋል። ቁልፍ ይገዛልን።›»

እንግዶቹ ከስክሪኑ ወደ አቶ ግዛው ዞሩ።

«ይህ ነው ፈቃዳችሁ?» አሉ ሴትዮዋ።

አቶ ግዛው እንደገና ተጫኑ። ዘፋኞቹ እንደገና መጡ። በሌላ ጣት ሞከሩ። ዘፋኞቹ አልሄዱም። ፊታቸው ላይ ላብ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው የሚያውቀው?»

ኮሪደሩ ላይ በሮች ተከፈቱ፤ አንገቶች ወጡ፤ አንድም አፍ አልተከፈተም። ይርዳው ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ሽንኩርቱ ነኝ።»

እንግዶቹ ተያዩ። ይርዳው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። «እርስዎ ኮሚቴ አይጠሩም፣ ኮሚቴው አይፈቅድም፣ ኢንጂነር በፈቃዱ የፎልደር ስም አይመልስም፣ ኢንጂነር ኖላዊ አድራሻ አይነካም፣ ጋሽ ቸርነት ውሉን አያወጡም፣ እትዬ አጸደ ደብዳቤ አይጽፉም፣ እኔም መሪ አልጨብጥም።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ አመለከተ። «አሁን ደግሞ እርስዎም ፈቃድ አያሳዩም።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንባቸው የመጣው በሳቅ ነው። «እንጠብቃለን» አሉ፤ «ይህን ሳላይ አልሄድም።»

አቶ ግዛው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በፈቃዱ በበሩ ቆሟል፣ ኖላዊም በበሩ ቆሟል። ጋሽ ቸርነት ይስላሉ። ወይዘሮ አጸደ የአንገት ልብሳቸውን ያስተካክላሉ።

«ሁላችሁም አላችሁ?»

«አለን።»

«እንግዲያው ይህ ኮሚቴ ነው።»

በፈቃዱ ኖላዊን አየው። ኖላዊ በፈቃዱን አየው። «ስሞቹን እየመለስሁ ነው፤ እያየህ ንገረኝ» አለ በፈቃዱ። ሁለቱ ከተኳረፉ ወዲህ ያቺ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበረች።

ከዚያማ ማን ያቁመው። አቶ ግዛው ኮሚቴ ጠሩ፣ ኮሚቴው ፈቀደ፣ በፈቃዱ የፎልደሩን ስም መለሰ፣ የኖላዊ አድራሻ ሳይነካ ቤቱን አገኘ፣ የንግድ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ዘፋኞቹ ወደ ዓመታቸው ተመለሱ፣ ጋሽ ቸርነትም ውሉን አወጡ።

ውሉ ላይ አንድ ጉርድ ፎቶ አለ። የከሳ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ የተዋሰው ሸሚዝ ነው። ይርዳው ጥቂት አየው፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ሽንኩርትነትህ ቀረ» አሉት ጋሽ ቸርነት።

ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤውን ጻፉ፣ አነበቡ፣ ማኅተሙን በእስትንፋሳቸው አሙቀው አሳረፉበት። ይርዳው ተቀብሎ ሮጠ።

መስጊዱ ደጃፍ ሰው እየተበተነ ነው። የመኪናው ሞተር ተነስቷል። አንድ የማያውቀው ሹፌር አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጓል። ይርዳው ትንፋሹ ተቆራርጦ ደብዳቤውን ዘረጋ። ሐጂ ሙዘሚል ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ውረድ ወንድሜ፤ ባለተራው መጣ።» ደብዳቤውን አጣጥፈው ወደ ደረት ኪሳቸው ሊከቱት ሆነ። «ልጄ ስካን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አትጨነቅ።»

ይርዳው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ስካኑ ጥሩ ነው፣ ሐጂ። ያድርገው። ዋናውን ግን ለእኔ ይመልሱልኝ።»

ሐጂ አዩት። ፊቱ ላይ ያለው ቀልድ አይደለም። ወረቀቱን በስልካቸው ፎቶ አንስተው መለሱለት። ይርዳው መኪናው ላይ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ደብዳቤውን ከግንባሩ በላይ ካለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ሸጎጠ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

እኔ እዚህ ላይ ቆምሁ፤ መኪናው ግን አልቆመም።