ሐይቅ ዳር የጎደለው መሬት

አንድ እህል ነጋዴ ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። ጤፍ ሲሰፍር ቁናውን እንኳን ሰው ዝንብም እንዲነካበት አይፈቅድም። ከላይ ሳሳ አድርጎ ያንቆረቁረዋል፤ ገዢ ሊነቀንቀው እጁን ከሰደደ «ተው! ጤፉ ይደነግጣል!» ብሎ ይጮኻል። እንዲህ እያለ ተራራ የሚያህል ሀብት አካበተ።

ያንን ሀብት ሙልጭ አድርጎ አውጥቶ ሐይቅ ዳር፣ ውሃ ባዘለ አሸዋ ላይ፣ ባለ ፎቅ ቤት ሊሠራ ግንበኛ ቀጠረ። ግንበኛው ግን ግድግዳ ከመጀመሩ በፊት አርባ ሰው አሰልፎ፣ ዝሆን የሚያህል ድንጋይ በገመድ እያስነሳ መሬቱን ያስደበድብ ጀመር። ጉድጓድ ሲሆን ጠጠር ይሞላበታል፤ ደግሞ ያስደበድባል። ምቱ ማዶ ያሉትን ዶሮዎች ያለ ቀናቸው እንቁላል አስጣላቸው፤ ያውም ሁለት ሁለት።

ዘርጋው ግራ ገባው። ምን ያጠፋ መሬት ነው እንዲህ የሚገረፈው? የባሰ ግራ የገባው ግን በሳምንቱ፣ እስከዚያ የተደበደበው የመሬቱ ግማሽ በአንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው ነው። ግንበኛውን አንገቱን አንቆ ገበያ መሃል አቆመው።

«አፈሬን ሰረቀኝ! ጠጠር ጨመርኩ ይላል፣ መሬቱ ግን ጎደለ! እየተጨመረበት የሚጎድል ነገር የት አገር ነው ያለው?»

«ጌታዬ፣ አሸዋው ልል ነው» አለ ግንበኛው። «ምድር የተንቀጠቀጠች ለት ከውሃው ጋር ተደባልቆ አጥሚት ይሆንብዎታል። እሷ ሳትነቀንቀው እኛ ቀድመን ነቅንቀን እናርጋው ብለን ነው።»

«አልገባኝም!»

ግንበኛው ከዘርጋው መደብ አንድ የተሰፈረ ቁና አንስቶ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረገው። ጤፉ አራት ጣት ወረደ።

«ታዲያ ይኼንን ማን ሰረቀው?»

ዘርጋው መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቢናገረው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈረላቸው ሰዎች ሁሉ ቆመው ይሰማሉ።

«በል እንጂ አያ ዘርጋው» አለች ብርቄ የምትባል ደንበኛው፣ «ጤፉ ደንግጦ ነው?»

«እጁ... እጁ ላይ ተጣብቆ ነው!» አለ ላብ እያጠመቀው። «አንተም ሂድ! ሁለተኛ መሬቴን እንዳትነካ!»

ቤቱን ሌላ ሰው በዚያው ግማሹ ብቻ በተደበደበው መሬት ላይ ሠራለት። በዓመቱ ምድር ተንቀጠቀጠች። የተደበደበው ግማሽ ንቅንቅ አላለም። ያልተደበደበው ግን ውሃና አሸዋ እየተፋ ቀለጠ፤ ቤቱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ግማሹ እስከ መስኮቱ ሰመጠ። ዘርጋው ዛሬም ግራ እንደተጋባ ወደ አንዱ ክፍል በበር፣ ወደ ሌላው በመስኮት ይገባል።

ሰውየውን የጎደለው እውቀት አልነበረም። ሌላውን ለመጉዳት የደበቅነው እውነት፣ ለራሳችን በሚያስፈልገን ቀንም ከአፋችን አይወጣም። እስቲ እርስዎስ፣ ልብዎ እያወቀ «አልገባኝም» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?