ለልጃቸው ብቻ የተቀመጠ መልስ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው መጻፍ ነው። መጽሐፍ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ብሎግ የሚሉት። ቀጣሪ አለቃ የለውም፣ ፍሪላንስ ነው፤ ላዘዘው ሁሉ ይጽፋል። ስለ ጥርስ ጤና በሉት፣ ስለ ቤት ቀለም በሉት፣ ይጽፍላችኋል።

ሲጀምር የሚያነብለት አልነበረም። ግን ሰነፍ አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። በየማለዳው ይለማመዳል። ርእስ እንዴት ዓይን እንደሚይዝ ተማረ። የመጀመሪያው መስመር አንባቢን እንዴት እንደሚያስቀር ተማረ። የጻፈውን ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። እጁ ተፍታታ።

አባቱ ጋሽ ድንበሩ ከተማው ዳር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። "ልጄ፣ እሁድ ብቅ በል እንጂ" ብለው ይደውላሉ።

"አባዬ፣ ጽሑፍ ላይ ነኝ። ይህችን ልጨርስና እመጣለሁ።"

ይህች ስታልቅ ሌላ ትመጣለች። ጽሑፍ መቼ ያልቃል?

አንድ ቀን "አባትዎን ሳያጡ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ዐሥር ጥያቄዎች" ብሎ ጻፈ። ወገኖቼ፣ ጉድ ተባለለት! ሰው እያነበበ አለቀሰ፣ ለወንድም ለእህቱ ላከው። የጸሐፊው ስም ወጣ፤ ትዕዛዝ በላይ በላዩ መጣለት።

በሦስተኛው ወር ጋሽ ድንበሩ በድንገት ዐረፉ።

ድንኳኑ ገና እየተተከለ፣ የዕድሩ ዳኛ ልጁን ጠጋ አሉት። "የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፈው። ጸሐፊ ልጅ እያለ ማን ይጽፋል? ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

ጓዳ ገብቶ ላፕቶፑን ከፈተ። አባቱ የት ተወለዱ? የእናታቸው ስም ማን ነው? ማን አሳደጋቸው? ምን አግኝቷቸው ከአገራቸው ወጡ? አያውቅም። ቢጨንቀው የራሱን ጽሑፍ አወጣ፣ ይረዳኝ ይሆናል ብሎ። አንደኛውን ጥያቄ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። እስከ ዐሥረኛው ወረደ። አንዱንም መመለስ አልቻለም።

ወጥቶ ጎረቤታቸውን እትዬ አልጣሽን ያዛቸው። "እትዬ፣ አባዬ የት ነው የተወለደው?"

ሴትዮዋ ደነገጡ። "እኔን ትጠይቃለህ? ያን ጽሑፍህን እኮ በስልኬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሁለቴ አስነበቡኝ። 'ይሄ ልጅ ሊጠይቀኝ ነው' አሉ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁህ ነበር። 'እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ' ብላቸው፣ 'የለም፣ ይሄ ለልጄ ነው' አሉኝ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። አራት መስመር ናት። ከለቀስተኛው መሀል አንዲት ሴት፣ "ወይ ጉድ! ጸሐፊ ልጅ እያላቸው!" አለች። እሱም ሰማ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የጻፈው ውሸት ነበር? አልነበረም። ስንቱን ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሰደደ! የራሱ እግር ብቻ ቀረ።

እኛስ? ስለ ፍቅር ስንናገር ማን ይችለናል? ስለ ይቅርታ ሲነሣ የማያስተምር ማን አለ? ከመካከላችሁ ጎረቤቱን ከሚስቱ አስታርቆ፣ ከገዛ ወንድሙ ጋር ሰላም የማይባባል የለም? አለ። ስሙን አልጠራም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ለቅሶ ቤት ስንደርስ ግን ሁላችንም ደረት እንደቃለን።

እኔም ብሆን፣ ከዚህ ቆሜ ይህን የምነግራችሁ ሰው፣ እናቴን ካየሁ አምስት ወር ሆኖኛል። አፍራለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ስትወጡ "ጥሩ ተናገረ" አትበሉኝ። ለዚያ ሰውም ብዙዎች "ጥሩ ጻፈ" ብለውት ነበር። ካፖርቱን ለብሶ ደጅ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሳይመሽበት ሂዱ።