እሺ ያለችው ልጅ

አንድ የሥነ ልቦና መምህር ሁለት ተመራቂ ተማሪዎቹን ጠርቶ ሥራ ሰጣቸው። «አዲስ ገቢ ተማሪ ሲፈራ ምን እንደሚሆን አጥኑልኝ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ መንገዳችሁ ግን ይለያይ። በመጨረሻ የማን መንገድ እንደሚሻል እናወዳድራለን» አላቸው።

አንደኛው ይታያል ይባላል። እሱ የመረጠው ቁጭ ብሎ መጠየቅን ነው። አዲስ ገቢዎቹን ከካፌው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና ስለ ምን ሊጠይቃቸው እንደሆነ ይነግራቸዋል። ካልፈለጋችሁ መሄድ ትችላላችሁ ይላቸዋል፤ እነሱም አምነውት ይሄዳሉ። የቀሩት ደግሞ ስለ ፍርሃት ሲጠየቁ ስለ ካፌው ሽሮ ያወሩለታል።

ሁለተኛዋ ትርሲት ሳቀችበት። «አንተ እስክትመረቅ ልጆችህ ደርሰው ምርቃትህ ላይ ያጨበጭቡልሃል።»

«ቀስ በቀስ ያወሩኛል እኮ።»

«ፍርሃት አይወራም ወንድሜ። ፍርሃት የሚታይ ነገር ነው። ስምህ እንኳ ይነግርሃል።»

የእሷ መንገድ ሌላ ነበር። ከቤተ ሙከራ ነጭ ጋውን ተዋሰች። አዲስ ገቢዎቹን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል ታስገባለች፤ «ለጥናት ነው፣ እሺ?» ትላለች፤ «እሺ» ይላሉ። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ውጤትሽ ወርዷል፤ ከሚባረሩት ውስጥ ነሽ» ትላለች። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ አፋቸው ሲደርቅ፣ የገዛ ስማቸው ሲጠፋባቸው ታያለች። እውነቱን ወዲያው አትነግራቸውም። ብትነግራቸው ወሬው ይወጣና የሚቀጥለው አይፈራላትማ።

ከሁሉ የፈራችላት እናኑ የምትባል የገጠር ልጅ ነበረች። ጋውኑን አይታ አስተማሪ መስላት «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» ነበር ያለችው። ትርሲት አንቱታው ደስ አሰኝቷት ሳታርማት ቀረች። መርዶውን ስትሰማ እናኑ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ «እሺ» አለችና ወጣች። ትርሲት በልቧ «ይቺ ግሩም ናት» አለች። እንግዲህ ሰው ሥራውን ሲወድ እንዲህ ይታወራል።

መምህሩ በዚያው ቀን ይህን ሲሰማ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ልጆቹ ፈቅደዋል?»

«ሁሉም እሺ ብለዋል ዶክተር።»

«ለምኑ? እንደምትዋሺያቸው ነግረሻቸዋል?»

ትርሲት ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች።

«እኛ አገር እኮ ልጅ አፉን የሚፈታው በእሺ ነው። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ነጭ የለበሰ ሰው ገደል ግባ ቢለው እሺ ይላል። አንዳንዱ እሺ ሰማሁ ማለት ነው። አንዳንዱ በእናታችሁ ልቀቁኝ ማለት ነው። በይ ዛሬውኑ ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው።»

«እሺ ዶክተር» አለች ትርሲት። በልቧ ግን የቀሩትን ሳልጨርስማ አልነግርም ብላ ነበር። መምህሩም እሺታዋን አምኖ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ስለ እሺ ያን ሁሉ የተናገረ ሰው!

በማግስቱ ጠዋት ትርሲት ወደ ባዶው ክፍል ስትሄድ አንዲት አዲስ ገቢ መንገድ ላይ አስቆመቻት። «የእናኑ ጓደኛ ነኝ። ልብሷን ሰብስባ ወጣች። ተባርሬያለሁ አለችኝ። ወዴት ነው ብላት፣ አባቴ ዓይን ፊት ብቻ አይሁን እንጂ የትም ብላ ሄደች።»

ትርሲት ከጥናቱ ወረቀት ላይ የእናኑን ቁጥር ፈልጋ አወጣች። ስልክ ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላት። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው። የግቢው ዘበኛ «አንዲት ልጅ ሻንጣ ይዛ ቁልቁል ወርዳለች» አላት። ቁልቁል ደግሞ ወንዙም ድልድዩም አለ፤ መናኸሪያውም አለ። ይታያልን ከድንጋዩ ላይ በእጁ ጎትታ አስነሣችው፤ ምን እንደተፈጠረ እየሮጠች ነገረችው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ታች መመልከት አቃታትና እሱ አየላት። «የለችም» አላት። አልፈው ሮጡ። አፏ ደርቋል። እጇ ይንቀጠቀጣል። በሰው ላይ ስታየው ግሩም የነበረው ሁሉ በራሷ ላይ ሲወርድ ስም እንኳ አላወጣችለትም።

እናኑን መናኸሪያው ውስጥ፣ ወደ ጠረፍ በሚሄድ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ አገኟት። ከጎኗ ድንበር ሊሻገሩ የተነሡ፣ ከእሷ የማይበልጡ ልጃገረዶች ተደርድረዋል። ሞተሩ ተነሥቷል።

«እናኑ፣ ውረጂ። አልተባረርሽም።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩኝ?»

«ውሸት ነበር። ለጥናት ብዬ ነው። እኔም እንዳንቺ ተማሪ ነኝ።»

እናኑ አየቻት። «የቱ ነው ውሸቱ? የትናንቱ ወይስ የዛሬው?»

ትርሲት ልትምል አፏን ከፈተች። መማሏ ምን ዋጋ አለው? ትናንትም ፊቷ እንዲህ የታመነ ነበር። ረዳቱ «እናንተ፣ ተሳፋሪ ናችሁ ወይስ አልቃሽ?» ብሎ በሩን ደበደበ።

ይታያል ከኋላዋ ብቅ አለ። «እናኑ፣ እውነቷን ነው። አልተባረርሽም» አለ።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። «አንተ ካፌው ደጃፍ እምቢ ስልህ ግድ የለም ያልከኝ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«ለምን አልገፋኸኝም?»

«እምቢ አልሽ እኮ። አሁንም መውረዱ ያንቺ ነው። እኛ ግን ውጭ ቆመን እንጠብቅሻለን» ብሎ ወረደ።

ትርሲት ክንዷን ይዛ ልትጎትታት እጇን ዘረጋችና ሰበሰበችው። እሷም ወረደች። በሕይወቷ እንደዚያ የፈራችበት ጊዜ የለም። አውቶቡሱ ወደ ኋላ አለ፤ ዞረ፤ ወደ መውጫው አመራ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ «ወራጅ አለ» አለ።

እናኑ ሻንጣዋን መሬት ላይ አድርጋ ትርሲት ፊት ቆመች። ይቅርታዋን እስከ መጨረሻው ሰማቻትና «በኔ ፍርሃት ምን አወቅሽበት?» አለቻት። ስድብ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ትርሲት ለመመረቂያ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

«ለሌሎቹ ዛሬ ንገሪያቸው» አለች እናኑ። «እኔ እዚህ የምጠጋበት ዘመድ ስለሌለኝ ወጣሁ እንጂ እነሱም ሌሊቱን አልተኙም።»

ትርሲት ያን ቀን ከመኝታ ክፍል መኝታ ክፍል ዞረች። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ ሰደበቻት፣ አንዷ በሩን ዘጋችባት። የሰበሰበችውን ሁሉ ጣለችና ያን ዓመት ሳትመረቅ ቀረች። መምህሩም እሺ ስትለው የምሯን እንደሆነ አለመጠየቁን አምኖ፣ የሁለቱን መንገድ ማወዳደሩን ተወው። የአንዱ መንገድ ያዘግማል፤ የሌላው ይቸኩላል፤ ጥያቄው ግን የፍጥነት አልነበረም። እውነት ይዛችሁ ስትመጡ የሚያምናችሁ፣ ትናንት እምቢ ሲላችሁ ያከበራችሁት ሰው ነው።

ይህ ለተማሪዎች ብቻ የተነገረ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን ስንት እሺ ሰብስበናል። እስቲ ዛሬ እሺ ያላችሁን አንድ ሰው አስቡ፤ እምቢ ቢላችሁ ኖሮ ምን ታደርጉት ነበር?