ሦስት ምስክር ለአንድ መርፌ

አንድ ግንበኛ ሕመም ወንድነቱን ቢያደክምበት ሐኪም የወንድ ሆርሞን መርፌ አዘዘለት። መድኃኒቱ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሸጥምና ፈቃድ ሰጪው ሹም ዘንድ ቀረበ።

ሹሙ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸበት።

«ጡንቻ ልታሳብጥበት ነው አይደል? መድከምህን በምን አምናለሁ?»

«የሐኪሙን ወረቀት ይመልከቱ።»

«ወረቀት ማንም ያሠራል። ምስክር አምጣ!»

«እንግዲያው ባለቤቴ ትመስክር፤ ውጭ ቆማለች።»

«ሚስት ለባሏ አትመሰክርም! አልጋ ላይ መድከምህን በዓይናቸው ያዩ ሦስት ባዳ ሰዎች አምጣ፤ ያለዚያ መርፌዋን አታያትም።»

ግንበኛው ቆቡን አጠለቀና መለሰለት።

«ጌታዬ፣ ከሚስቴ አልፌ ሦስት ባዳ ሴት የማዳርስበት አቅም ቢኖረኝ፣ እርስዎ ደጅ ምን ያንከራትተኝ ነበር?»