ጅብ ያልዋጣት ጡሩምባ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» በሉ እንጂ! ጮክ በሉ፣ ጆሮዬ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ነው!

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና ጡት ሳይጥሉ፣ የዱር አራዊት እድር ነበራቸው። ጦጣ በቆሎዋን፣ ቀበሮ ቋንጣዋን፣ ጃርት ድንቿን በየወሩ ያዋጣሉ። ጎተራቸው ከመሙላቱ የተነሣ ክዳኑ የደመናን ሆድ ይኮረኩር ነበር፤ ያላመነ ደመናን ይጠይቅ። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ሞት ሲመጣ ጡሩምባ ይነፋል፣ አባላት ወጥተው ይቀብራሉ፣ ከዚያ ጎተራው ይከፈታል።

የእድሩ ዳኛ አያ ጅቦ ነው። ጡሩምባ ነፊዋ እመት ጃርት ናት፤ የምትነፋውም በነጻ ነው። ቤቷ ውስጥ አሮጊት እናቷ ታማ ተኝታለች።

አንድ ቀን አያ ጅቦ እያለቀሰ መጣ። እንባው ወንዙን ሞልቶ ዓሣ ዛፍ ላይ ሰቀለ።

«አክስቴ ሞተች! ንፊ!»

«እግዜር ያጽናዎት» ብላ ነፋች።

«ሩቅ አገር ተቀብራለች፤ እናንተ አትድከሙ፤ ጎተራውን ብቻ ክፈቱ!»

ጎተራው እስከ ወገቡ ጎደለ።

ሰነበተና መጣ። «አጎቴ ሞተ! ንፊ!»

ነፋች። ጎተራው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጎደለ።

ጃርት ወንዝ ስትወርድ ግን ሟቹን አጎት የጦጣን በቆሎ ሲቆረጥም አገኘችው።

«ጋሼ፣ አልሞቱም እንዴ?»

«የምሞተው ለምሳ ብቻ ነው፣ ልጄ። ለእራት እነሣለሁ።»

ለሦስተኛ ጊዜ አያ ጅቦ መጣ። «እናቴ ሞተች! ንፊ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሬሳዋን ሳላይ አልነፋም።»

«እንግዲያው ከእድር ትሰረዣለሽ! እናትሽ ስትሞት ቃሬዛዋን የሚሸከም አታገኚም!»

ጃርት የታመመች እናቷን አሰበች። የተሰረዘን ማን ይቀብራል? ጡሩምባዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጡሩምባዋ ግን ተናገረች።

«ብትነፊኝም አልጮህም! አያ ጅቦ፣ ረሳኸኝ? በሬውን ከነሰኮናው ስትውጥ ጉሮሮህ ላይ ተሰንቅሬ የተፋኸኝ ቀንድ እኔ ነኝ። ዛሬም አልወርድልህም!»

ይህን ስትሰማ የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። አንዱ ጨረቃን ወጋ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ይታያል።

«ሰርዘኝ!» አለች፣ አንቱታውን ጥላ። «እናቴን በጥፍሬ ቆፍሬ እቀብራለሁ። ለውሸት ሬሳ ግን አልነፋም!»

«እንግዲያው እኔው ሞቼ አሳይሻለሁ!» አለና ምላሱን አውጥቶ ተዘረረ።

«አሁንስ?» ብላ ጃርት ጡሩምባዋን ጠየቀች።

«ለዳኛችንማ እስክሰነጠቅ!» አለች ጡሩምባዋ።

ተነፋች። ሸለቆው ሁሉ አስተጋባ፤ አራዊት ግር ብለው መጡ። ቀበሮ ወደ ጎተራው ስታመራ ጃርት ከለከለቻት።

«በሕጋችን መጀመሪያ ቀብር!»

ብላ መቆፈር ጀመረች። በአንድ ትንፋሽ ዝሆን የሚውጥ ጉድጓድ አወጣች። አያ ጅቦን ገፍትረው አስገቡት። አፈሩ አፍንጫው ላይ ሲፈስስ ዘሎ ወጣ።

«ኧረ አልሞትኩም! ዳኛችሁ ነኝ!»

«ጡሩምባ የተነፋለት አባል አይደለም» አለች ጦጣ። «አባል ያልሆነ ደግሞ ምን ብሎ ዳኛ ይሆናል? ምረጥ፦ ወይ ጉድጓዱ፣ ወይ መንገዱ!»

መንገዱን መረጠ። አሁንም እየሮጠ ነው።

የጃርት እናት ዕድሜ ጠግባ ስታርፍ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣ፤ ተራሮቹ ሳይቀሩ ቃሬዛ ተሸከሙ። እኔም የእዝን ንፍሮዬን ዘግኜ፣ ይቺን ቃል ይዤላችሁ መጣሁ፦ የማኅበር ጎተራ በመዝጊያ አይጠበቅም፤ እንቢ በሚል አፍ እንጂ።