በበሬ የተተመነው ጠመንጃ

አንድ ዱካ በማንበብ የታወቀ አዳኝ ልጁን ሲድር፣ እጇን ይዞ እስከ ደጅ ሸኛትና እንዲህ አላት፦ «ልጄ፣ የምሰጥሽ ከብት የለኝም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። አውሬ ሲያስቸግርሽ ተሽቀዳድመሽ መግደያ አትፈልጊ። ጎንበስ በይና መሬቱን እዪው። ከየት መጣ? ስንት ሆኖ መጣ? በየት በኩል ተመለሰ? ይህን ያላወቀ ሰው ጦር ቢይዝም ባዶ እጁን ነው።»

የልጅቷ ስም እንጉዳይ ነበር። ያን ቀን ሠርገኛው ይጨፍራል፣ እሷ ታለቅሳለች፤ የአባቷን ነገር በወጉ አልሰማችውም።

ዓመታት አለፉ። እንጉዳይ ከባሏ ከሽታው ጋር ከአንድ ጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ትኖር ጀመር። አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ሀብታቸው ሁለት በሬና አንድ የበቆሎ ማሳ ነው። በቆሎው እሸት በያዘ ቁጥር የዱር አሳማ ከሸለቆው እየወጣ ይበላባቸዋል። የመንደሩ ሰው ሁሉ በየማሳው መሃል ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ሠርቶ፣ እላዩ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። አሳማው ግን በየዓመቱ እየበዛ ሄደ። ባለፈው ዓመት የማሳውን ግማሽ ጨረሰው። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ፣ እስከሚቀጥለው አዝመራ ልጃቸው የምትቀምሰው አይኖርም።

በዚህ መሃል አንድ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ መጣ። ከጭነቱ ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የአደን ጠመንጃ አወጣ። ሰደፉ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። በላዩ ላይ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አለው።

«ስንት ነው?» አለ ሽታው።

«የበሬ ዋጋ። ያውም የደህና በሬ።»

ሽታው ሳቀ። «ጎረቤቴ ጓንጉል እኮ ጠመንጃውን በሁለት ፍየል ነው የገዛው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ነጋዴው። «የጓንጉል ጠመንጃ ሲተኮስ ሁለት ይደነግጣሉ፤ አሳማውና ተኳሹ። ይሄኛው አንዱን ብቻ ነው የሚያስደነግጠው። እሱም ለመደንገጥ ጊዜ አያገኝም።»

ሽታው በመነጽሩ ወደ ሸለቆው ማዶ አየ። ከቋጥኝ ላይ ያረፈች እርግብ አንገቷን ስታክ አያት። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን ከእጁ ማውረድ አቃተው።

በዚያ አገር ጠመንጃ ሳይሞከር አይገዛም። ሻጩ ከሦስት ጥይት ጋር ትቶት ይሄዳል። ሁለት ገበያ ካለፈ በኋላ ሲመለስ፣ ገዢው ወይ ዋጋውን ወይ ጠመንጃውን ይሰጠዋል። ነጋዴውም እንዲሁ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

«አንዱን በሬ ከሸጥከው በምን ልታርስ ነው?» አለች እንጉዳይ።

«ከጓንጉል ጋር እቀናጃለኋ። እሱም አንድ በሬ ነው ያለው።»

«ጓንጉል መጀመሪያ የራሱን ሳይጨርስ ላንተ ይመጣል ብለህ ነው? እሱ እስኪጨርስ ዝናቡ ያልፍሃል።»

«ታዲያ ለአሳማ ከማርስ ጭራሽ ባላርስ አይሻልም?»

ነገሩ እውነት ነበረ።

በመንደሩ አንድ ሌላ ልማድ ነበር። ወንዶቹ እሑድ እሑድ ከትልቁ ሾላ ሥር ሲሰበሰቡ፣ ጠመንጃ ያለው ከግንዱ ሥር ካሉት ድንጋዮች በአንዱ ላይ ይቀመጣል። የሌለው ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ነው። ሽታው አሥር ዓመት ሙሉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ያን እሑድ ግን አዲሱን ጠመንጃ በትከሻው ጣል አድርጎ ሲመጣ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አያ ፈንቴ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ሽታው፣ ድንጋዩ እንዴት ነው? አልቆረቆረህም?» አለው ጓንጉል።

«ሲቆረቁረኝ የኖረው ሣሩ ነው» አለ ሽታው።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሽታው ግን አልሳቀም።

ቤቱ ሲገባ ቀንበሩን ከተሰቀለበት አውርዶ ከበሩ ጥግ አቆመው፤ በቦታው ጠመንጃውን ሰቀለ። እንጉዳይ ልጇን እያጠባች አየችው። ባሏ ጠመንጃውን የፈለገው ለአሳማው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ነገር ግን ቢነኩት የሚያመው ቦታ መሆኑን ስላወቀች ልጇን ይዛ ወደ መኝታዋ ሄደች።

በማግስቱ ጀንበር ሳትጠልቅ ሽታው ማማው ላይ ወጥቶ አንድ ጥይት ተኮሰ፤ አንድ ትልቅ አሳማ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ተኮሰ፤ ሌላ ወደቀ። የመንደሩ ሰው መጥቶ ርቀቱን በእርምጃ ለካና አፉን ያዘ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያየ አልነበረም። ማሳው ግን በሁለቱም ቀን ማግስት ጠዋት ላይ ሲታይ ያው እንደ ወትሮው ተበልቶ ነበር።

«የጎደለኝ ጥይት ነው» አለ ሽታው።

«ጥይቱንስ በምን እንገዛዋለን?»

«አንዴ ጠመንጃው ቤት ይግባ እንጂ፣ ጥይት አይጠፋም።»

በማግስቱ ጠዋት እንጉዳይ ልጇን አዝላ፣ አሳማ የሰበረውን አገዳ ለበሬዎቹ ልትለቅም ወደ ማሳው ወረደች። አንዱን አገዳ ለማንሳት ጎንበስ ስትል እርጥቡ አፈር ላይ ዱካ አየች። ቆም አለች። አባቷ በሠርጓ ቀን ያላት ነገር ከስንት ዓመት በኋላ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። አገዳውን ጣለችና ዱካውን ተከተለችው።

አንዱ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው። አንዷ ከኋላዋ ግልገሎች ያስከተለች ናት። ከሃያ ያላነሱ ናቸው። ከጓንጉል ማሳ የመጣው ዱካም፣ ከአያ ፈንቴ ማሳ የመጣውም እየተገናኘ አንድ መንገድ ሆነ። መንገዱ አፋፉ ላይ ደረሰ። እዚያ በግራም በቀኝም ዶሮ የማያሳልፍ እሾሃማ ጥሻ ነው። መካከሉ ላይ ብቻ ሁለት ከብት ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። መሬቱ ከመረገጡ ብዛት አውድማ መስሏል። በክፍተቱ ውስጥ ጉቶዎች አሉ፤ አንዳንዱ የከረመ፣ አንዳንዱ ገና ያልጠወለገ። ሁሉም በመጥረቢያ የተቆረጡ ናቸው።

እንጉዳይ አንዱ ጉቶ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ቀና ብላ ወደ ማሳዎቹ ስታይ፣ ማማዎቹ በየቦታው ቆመው አየቻቸው።

በዚያው ዕለት ሽታው ሦስተኛውን ጥይት ሊያጎርስ ሲዘጋጅ አገኘችው።

«ከመተኮስህ በፊት አንድ ቦታ ላሳይህ፤ ና» አለችው።

«ምን ያለ ቦታ?»

«ሩቅ አይደለም። መነጽር አያስፈልገውም።»

እያጉረመረመ ተከተላት። ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ጉቶውን በጣቷ አሳየችው።

«ይህን እንጨት ማን ቆረጠው?»

ሽታው ጉቶውን በእግሩ ነካ አደረገው። «ይሄንን? እኔ ነኛ። ለማማው ቋሚ። ቀጥ ያለ እንጨት ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«ያኛውንስ?»

«እሱ የጓንጉል ነው። ያ የከረመው የአያ ፈንቴ ይመስለኛል። ሁሉም ከዚሁ ነው የሚቆርጠው...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። እግሩ ሥር ያለውን ዱካ አየ። ወደ ሸለቆው አየ። ከዚያም ዞሮ ወደ ማማዎቹ አየ።

«አሳማ መጠበቂያውን የሠራነው የአሳማውን መዝጊያ ቆርጠን ነዋ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም እንደዚያው መሰለኝ።»

«እና ጠመንጃውን ልመልሰው ነው?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ተመልሼ ሣሩ ላይ?»

ሽታው እንጉዳይን እንዲህ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቀስ ብላ መለሰችለት። «ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ የጠየቁህ ስለ ጠመንጃው ነው። ስለ አንተ የጠየቀህ አለ?»

ሽታው አሰበና «የለም» አለ።

«አሁን ግን አንድም ሰው ያላወቀውን ነገር ታውቃለህ። የትም ተቀምጠህ ንገራቸው።»

በሚቀጥለው እሑድ ሽታው ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ ወደ ሾላው ሄደ፤ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ድንጋዩ ቆረቆረህ እንዴ?» አለ ጓንጉል።

«አይ ጓንጉል። ያንተን ጉቶ አየሁት፤ የኔንም አየሁት። ስለ እሱ ላወራ ነው የመጣሁት» አለና እንጉዳይ ያሳየችውን አንድ በአንድ ነገራቸው። ያየችው ሚስቱ መሆኗንም አልደበቀም። አንዳንዱ ሳቀ፤ ጥይት አልቆበት ነው ያለም ነበረ። አያ ፈንቴ ግን በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ሠላሳ ዓመት ማማ ስሠራ ኖሬያለሁ» አሉ። «ወደ ታች ሄደን እንየው እንጂ፣ ምን ይጎዳናል?»

ሄደው አዩት። በዚያው ሳምንት መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጥቂት ማማዎች ፈረሱና ቋሚዎቻቸው ክፍተቱ ውስጥ ተተከሉ። ከፊታቸው ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በላያቸው እሾህ ተጋደመ። ከኋላ ደግሞ ሲያድግ ራሱ አጥር እንዲሆን ቅንጭብ ተተከለ። ሽታው በሁለቱ በሬዎቹ ግንድ ሲጎትት ሰነበተ። ከሥራው በኋላም አሳማ ጨርሶ አልጠፋም፤ አንድ ሁለት እየሾለከ ይገባል። ይኸኛውን ግን ወንጭፍም ይመልሰዋል። በቆሎው አገዳው ላይ እንደቆመ እሸቱ በሰለ።

ነጋዴው ወንዝ ሞልቶበት ዘግይቶ መጣ። ጠመንጃው ተወልውሎ በቀይ ጨርቁ እንደተጠቀለለ ከቀረችው አንድ ጥይት ጋር ተሰጠው።

«ሳተባችሁ እንዴ?» አለ ቅር ብሎት።

«ኧረ አንዴም አልሳተም» አለ ሽታው። «ለጠመንጃህ እንከን አይወጣለትም። የበሬ ዋጋ ብትለውም ያወጣል።»

«ታዲያ ለምን ትመልሱታላችሁ?»

«እኛ የቸገረን በር መዝጋት ነበረ። እሱ ደግሞ በር አይዘጋም» አለች እንጉዳይ።

ነጋዴው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እንዲህ የሚል ደንበኛ ከበዛ እኔ ከሥራ ወጣሁ» አለ።

ወዳጆቼ፣ ውድ ነገር ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ ተሳስቷል ለማለት ይህን አልተረክሁም። ጥሩ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ግን ዋጋው ይገባዋል ወይ ብለን ከመጨነቃችን በፊት፣ ችግራችን የሚገባበትን ቀዳዳ በእግራችን ሄደን እንየው። ምናልባት የከፈትነው እኛው እንሆናለን፤ የከፈትነውን ደግሞ መዝጋት አያቅተንም። ዕቃውን የምንፈልገው ለሥራው ነው ወይስ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ እንዲለቅልን? ይህንንም ለራሳችን በሐቅ እንመልስ። እናንተ ዛሬ ልትገዙት ያሰባችሁት ነገር የትኛውን በር ይዘጋላችኋል?

እንጉዳይ ይህን ሁሉ ለነጋዴው አልነገረችውም። በቅሎውን ሊፈታ ሲነሣ ወደ ማሳው ገባ ብላ አራት እሸት በቆሎ ቀነጠሰችና፣ ለመንገዱ እንዲሆነው ከኮርቻው ላይ አሰረችለት።